ከዜሮ በታች

በዚያ ጥቅምት ዓይናዲስ ወደ ቆቅ ውሃ ሚካኤል ስትወጣ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። ከላሊበላ ተነሥታ በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ በኪራይ ሞተር ሳይክል አንድ ሰዓት ተኩል ትጓዛለች፤ ሞተሩ አልወጣም ከሚልበት ዳገት ጀምሮ ደግሞ ሁለት ሰዓት በእግሯ። እዚያ ደርሳ የምትሠራው ሥራ ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መሰላል ላይ ትወጣለች፣ የግራጫውን ሣጥን ክዳን ትከፍታለች፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ታጠፋለች፣ እስከ አሥር ትቆጥራለች፣ መልሳ ታበራለች። ከዚያ ያንኑ መንገድ ቁልቁል።

ዳገቱ አይደለም ያናደዳት፤ መመላለሱ ነው። ዓይናዲስ ከልጅነቷ አርፋ መቀመጥ አይሆንላትም። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ዳዊት ሲያስደግሟት አንዱን መዝሙር ሳትጨርስ ቀጣዩን ትገልጥ እንደነበር እስካሁን ያወራሉ። አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ላሊበላ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ በሚሠራ አንድ ትንሽ የቅርስ ጥበቃ ፕሮጀክት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ተበላሽቶ የቆመ ነገር ካየች ምግብ አይዋጥላትም።

ቆቅ ውሃ ሚካኤል ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዋሻው አፍ በላይ፣ ሕዝቡ ከሚያልፍበት አናት ላይ፣ ድንጋዩ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ደሴ የሚኖረው የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ሙጂብ መጥቶ ስንጥቁን የሚሻገር አምስት ሜትር የብረት ዘንግ አስተከለ። ስንጥቁ በፀጉር ያህል ቢሰፋ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው መለኪያ ያውቃል። ብረት በሙቀት ስለሚረዝም በብርድ ስለሚያጥር ደግሞ ከጎኑ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር ሙቀቱን አይታ የብረቱን መርዘምና ማጠር ታወራርድና የስንጥቁን ስፋት ብቻ በየሩብ ሰዓቱ በስልክ መስመር ትልካለች። ስፋቱ ከሚሊ ሜትር ሦስት አሥረኛ በላይ የጨመረ እንደሆነ ለሁለት ሰዎች የማስጠንቀቂያ መልእክት ይደርሳል፦ ለሙጂብና ለቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ለመምሬ አረጋ።

ችግሩ መልእክቱን የሚልከው ሞደም ነበር። በየሳምንቱ፣ በየአሥር ቀኑ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ዓይናዲስ ብዙ ካነበበች በኋላ ጥፋቱ የሞደሙ ሳይሆን የከርነሉ መሆኑን ደረሰችበት። ከርነል የሚሉት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ነው፤ ፕሮግራሞቹ ከሞደሙም፣ ከቴርሞሜትሩም፣ ከመለኪያውም ጋር የሚነጋገሩት በእሱ በኩል ነው። ያንኑ ሞደም የሚጠቀሙ ሰዎች ከዚህም ከዚያም ተመሳሳይ አቤቱታ አቅርበው፣ ከርነሉን የሚጽፉት ባለሙያዎች አስተካክለውታል። ያስተካከሉት ግን በሚመጣው ሥሪት ላይ ነው፤ ሥሪቱ ደግሞ ገና አልተለቀቀም። እስኪለቀቅ ድረስ የፈለገ ሁሉ እንዲሞክረው በየሳምንቱ የሙከራ ቅጂ ይወጣል። ለሥራ የሚያገለግል ማሽን ላይ እንዳይጫን ግን ከነማስጠንቀቂያው ነው።

ሙጂብ መሞከሩን ፈቀደላት። በፈቀደበት ስልክ ግን ከወትሮው በላይ ረጋ ብሎ ነበር የተናገረው። የምትጭኚው ቢሮ ያለው መጠባበቂያ ሣጥን ላይ እንጂ ዋሻው ያለው ላይ አይደለም አላት። መረጃው አስቀድሞ ይቀዳ። አሮጌው ከርነል አይጥፋ፤ ከጎኑ ተቀምጦ፣ አዲሱ አልነሣም ካለ ማሽኑ በራሱ ወደ እሱ ይመለስ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሠራልኝ ብለሽ እንዳትደውዪ።

መጠባበቂያው ሣጥን ከዋሻው ሣጥን ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሞደምም አለው። ዓይናዲስ የሙከራውን ከርነል ጫነችበትና መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ታየዋለች፣ ጠዋት ስትገባ ከቦርሳዋ በፊት እሱን ታየዋለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን፤ ሞደሙ አንዴም አልቆመም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ግን የዋሻው ሣጥን ድምፁን አጠፋ።

እንግዲህ መውጣቴ ካልቀረ ብላ አሰበች። የሙከራውን ከርነል በሚሞሪ ካርድ ገልብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እዚያ ደርሼ እወስናለሁ አለች ለራሷ። ገና ሞተር ሳይክሉ ላይ ሳለች ግን ወስና ነበር።

መሰላሉን የያዘላት ደግሰው ነው። ደግሰው ከዋሻው ሥር የሚኖር ገበሬ ነው፤ ሣጥኑን እንዲጠብቅና የሶላሩን አቧራ እንዲጠርግ ፕሮጀክቱ ቀጥሮታል። የገብስ አጨዳ ላይ ስለነበር ቸኩሏል፤ ዛሬ ምነው ቆየሽ አላት። ትንሽ የማስተካክለው ነገር አለ አለችው። መረጃውን ቀድታ፣ አሮጌውን ከርነል ከጎኑ አስቀምጣ፣ አዲሱን አስነሣችው። በአንድ ደቂቃ ተነሣ። የፈራችው አልነሣም እንዳይላት ብቻ ነበርና በመነሣቱ ልቧ ሞላ። ቀኑ ጥቅምት 28 ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ያማሩ ነበሩ። ሣጥኑ በየሩብ ሰዓቱ ሳያዛንፍ ይልካል። ዓይናዲስ ለሙጂብ ምንም አልነገረችውም። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ፣ ከዋሻው የተገኘውን ውጤት ጨምሬ አሳየዋለሁ፣ ያን ጊዜ አይቆጣም ብላ አሰበች።

ኅዳር ሲገባ ደጋው ላይ ብርድ በረታ። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ጋቢ ደርቦ የሚታለፍ ነበር፤ ላይኛው አገር ግን ውርጭ ወረደ። ሰኞ ኅዳር 8 ገና ፀሐይ ሳትወጣ ስልኳ ጮኸ። ሙጂብ ነው። ማስጠንቀቂያው ደርሶታል፤ ስንጥቁ ከሚሊ ሜትር ሦስት አሥረኛ በላይ ሰፍቷል። ለመምሬ አረጋም ደውሎ ከዋሻው አፍ ሥር ሰው እንዳያልፍ ነግሯቸዋል። የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ዓርብ ነው፤ አራት ቀን ቀርቶታል።

“ከሣጥኑ የነካሽው ነገር አለ?” አላት።

“የለም” አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። የነካሁት ከሞደሙ ጋር የተያያዘውን ነው፣ መለኪያው ሌላ ነው እያለች ቀኑን ሙሉ ከራሷ ጋር ተከራከረች። ከወንበሯ ትነሣለች፣ መስኮቱ ጋ ትደርሳለች፣ ትመለሳለች። ረፋዱ ላይ ስንጥቁ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሙጂብ ይህን ሲያይ ይበልጥ ሠጋ። ስንጥቁ በብርድ እየሰፋ በሙቀት እየጠበበ ከሆነ ድንጋዩ ተላቅቋል ማለት ነው፤ ከላይ የተንጠለጠለውን ክፍል ሠራተኛ አምጥቶ ማስነሣት ሳያስፈልግ አይቀርም አላት። በማግስቱ ከደሴ እንደሚነሣም ነገራት።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ቁጭ ብላ ሳለች አንድ ነገር ሲመኝ ልቧን ያዘችው። ድንጋዩ በእውነት ተንቀሳቅሶ በሆነ ብላ ነበር። ድንጋዩ ከሆነ እሷ ምንም አላደረገችም። ምን እንደተመኘች ሲገባት ተነሥታ ከቢሮው ወጣች፤ እስከ ገበያው ድረስ ሄዳ ምንም ሳትገዛ ተመለሰች።

ማክሰኞ ጠዋትም ስንጥቁ ጎሕ ሲቀድ ሰፋ፣ ረፋድ ላይ ጠበበ። በሦስት ሰዓት ግድም ደግሰው ደወለ። መምሬ አረጋ ዋሻውን በገመድ እንዳሳገዱት፣ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ከዋሻው ፊት ካለው ጥድ ሥር ማደር እንደጀመሩ ነገራት። ሰዎቹ ያሳዝናሉ አለ፤ ብርዱ ለጉድ ነው፤ የጥጆቹ ውሃ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ጣት የሚያህል በረዶ ሠርቶ በዱላ ሰብሬ ነው ያጠጣኋቸው።

“የትኛው ሳፋ?” አለችው።

“ይኸው ዋሻው አፍ ላይ ያለው፣ ከሣጥንሽ ሥር።”

ስልኩን ዘግታ የሌሊቱን መዝገብ ከፈተች። ቴርሞሜትሩ እንደሚለው ሙቀቱ ከምሽት ጀምሮ ሲወርድ፣ ሲወርድ አድሮ ዜሮ ይደርሳል። ከዚያ ፀሐይ ሳትወጣ መልሶ ይጨምራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጎሕ ሲቀድ ከዜሮ በላይ ሦስት ዲግሪ። ውሃ ጣት ያህል በረዶ በሠራበት ሰዓት። የሰኞንም የእሑድንም ከፈተች። አንድም ሌሊት ከዜሮ በታች የወረደ የለም። መስመሩ ዜሮን ነክቶ ነጥሮ ይመለሳል።

ላሊበላ ውስጥ ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርድበትን ቦታ አሰበችና ወደ ሂንድ ጁስ ቤት ሮጠች። ሂንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናት፤ ከገበያው በላይ የማንጎና የአቮካዶ ጁስ ትሸጣለች፤ ትልቅ ፍሪዘር አላት። ዓይናዲስ መጠባበቂያውን ሣጥን ታቅፋ፣ ከመጋዘን ያወጣችውን ትርፍ ቴርሞሜትር በአንገቷ አንጠልጥላ ስትገባ ሂንድ ምን ልትሸጪልኝ ነው አለቻት። ዓይናዲስ መልስ ሳትሰጣት የፍሪዘሩን ክዳን ከፍታ ቴርሞሜትሩን ከማንጎዎቹ መሃል ሸጎጠችው፤ ሽቦውን በክዳኑ ጠርዝ አሾልካ ላፕቶፗን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች።

መጀመሪያ በአሮጌው ከርነል አየችው። አራት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ከዜሮ በታች አንድ፣ ከዜሮ በታች ሦስት። አወጣችውና እስኪሞቅ በእጇ ጨብጣ ቆየች። ሣጥኑን በሙከራው ከርነል አስነሥታ መልሳ ከተተችው። አራት፣ ሁለት፣ ዜሮ። ከዚያ አንድ። ከዚያ ሁለት። ሦስት።

“ፍሪዘሬ እየሞቀ ነው የሚለው?” አለች ሂንድ ከትከሻዋ በላይ እያየች።

“እየቀዘቀዘ ነው። ከዜሮ በታች ያለውን ብርድ እንደ ሙቀት ይቆጥረዋል።”

አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላት። ከርነሉን ያሻሻሉት ሰዎች የሞደሙን ጉዳይ ሲያስተካክሉ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ የቴርሞሜትሩን ክፍል ነክቶ የመቀነስ ምልክቷን ጥሏታል። ሣጥኑ ብረቱ በብርድ ባጠረበት ሰዓት በሙቀት የረዘመ መስሎት ያወራርዳል፤ የሚጎድለውም ስንጥቅ ሆኖ ይታያል። ቢሮ ውስጥ ያለው መጠባበቂያ ሣጥን ቴርሞሜትር አልነበረውም። ቢኖረውም ከተማው ውስጥ ውርጭ አይወርድም፤ ዓመት ቢቀመጥ አያሳይም ነበር።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሂንድ ጁስ ቀዳችላት፤ አልነካችውም። ነገ ማለዳ ከሙጂብ ቀድማ ብትወጣ፣ አሮጌውን ከርነል ብትመልስ፣ መዝገቡን ብታጠፋ ማንም አያውቅም። ሐሳቧን ለሂንድ ነገረቻት፤ ምን እንድትላት እንደፈለገች ራሷም አላወቀችም።

“እኔ ከርነሉን አላውቅም” አለች ሂንድ። “ያ ሰውዬ ግን ድንጋዩን ሊያስመታ ነው የሚመጣው አላልሽም? ጤነኛውን ድንጋይ?”

ዓይናዲስ ስልኳን አነሣች። ሙጂብ መንገድ ላይ ስለነበር አይገኝም። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ሞከረች፤ በየመሃሉ ከጁስ ቤቱ እየወጣች መንገዱ ላይ ትንጎራደዳለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አገኘችው። ጋሸና ደርሶ እራቱን አዝዞ ነበር።

“ኢንጂነር፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ” አለችው።

ከበስተኋላው የጭነት መኪና ሞተር ይሰማል። ሁሉንም ነገረችው፤ ሳፋውንም ፍሪዘሩንም ሳትተው። ሙጂብ አልጮኸባትም። መቼ እንደጫነችው፣ የቱ ቅጂ እንደሆነ፣ አሮጌው ከርነል አሁንም እዚያ መኖሩን ጠየቀ። ሣጥኑ መላክ እንጂ ከሩቅ ትእዛዝ መቀበል ስለማይችል ነገ ማለዳ ወጥታ በእጇ እንድትመልሰው፣ ከመመለሷ በፊት ግን የተሳሳተውን መዝገብ እንዳለ እንድትቀዳው አዘዛት። እዚያው አገኝሻለሁ ብሎ ዘጋው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አሮጌው ከርነል ተመለሰ። ዓይናዲስ ከመሰላሉ ስትወርድ ሙጂብ ዳገቱን ጨርሶ ትንፋሽ እያጠረው ደረሰ። ላፕቶፗን ተቀብሎ ቁጥሮቹን ለብዙ ጊዜ ተመለከተ። እሱ ሳይጠይቃት ራሷ ፈልጋ አብረው ወደ መምሬ አረጋ ሄዱ። መምሬ አረጋ ከጥዱ ሥር ድንኳን እያስተከሉ ነበር። ዓይናዲስ መስቀል ተሳልማ ቆመችና እዚያው ነገረቻቸው። ኮምፒውተር አያውቁም ብላ አላሳጠረችውም፤ እሳቸውም ሳያቋርጡ ሰሟት።

“ስለዚህ ድንጋዩ ደኅና ነው?” አሉ።

የመለሰው ሙጂብ ነው። ዛሬ የሚታየው ደኅና ነው አለ፤ ነገር ግን ያለፉት ሌሊቶች መዝገብ ስለማይታመን፣ በትክክለኛው ከርነል ሦስት የውርጭ ሌሊት ሳያይ ሕዝብ ከሥሩ አያሳልፍም። ሦስቱ ሌሊት የሚሞላው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

መምሬ አረጋ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀን መቁጠር አይከብዳቸውም።

“ሰኞ ኢንጂነሩ ሲጠይቁሽ ብትነግሪያቸው፣ ሰኞውኑ ትመልሺው ነበር” አሉ። “ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ሌሊት ይሞላል።”

“አዎ መምሬ።”

“በዓሉ ዓርብ ነው።”

“አዎ።”

ከዚያ በላይ አልወቀሷትም። ሕዝቡ ለምን ውጭ እንደቆመ በበዓሉ ዕለት የምትነግሪው አንቺ ነሽ አሏት። ሙጂብ ኃላፊነቱ የፕሮጀክቱ ስለሆነ እኔ ልናገር ብሎ ለመነ። መምሬ አረጋ አልፈቀዱም።

ዓይናዲስ እነዚያን ሁለት ቀናት ደግሰው ቤት አደረች፤ ማደር ከተባለ። በየሩብ ሰዓቱ ስልኳን ታያለች። ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ሲቀር ደስ ይላታል፣ ያው ደስታ ደግሞ ያሳፍራታል። የደግሰው ሚስት ይማርሽ እንግዳዋ ምግብ አልበላ ስትላት ታማለች ብላ ጤና አዳም አመጣችላት።

ዓርብ ቅዳሴው ድንኳን ውስጥ ሆነ። ታቦቱን ይዘው በዋሻው አፍ ሥር ፈጥነው እንዲያልፉ የተፈቀደው ለጥቂት ካህናት ብቻ ነበር። ሕዝቡ ውርጭ በያዘው ሣር ላይ ቆሞ አስቀደሰ። ዝማሬው በዋሻው ውስጥ እንደሚያስተጋባው አላስተጋባም፤ ነፋሱ ወሰደው። ከቅዳሴው በኋላ መምሬ አረጋ ዓይናዲስን በምልክት ጠሯት። ከላሊበላ ጀምሮ የሚያውቋት ሰዎች ነበሩ፤ የአባቷ ተማሪዎችም ነበሩ።

“ያልተፈተነ ነገር ሣጥኑ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ” አለች። “ሣጥኑ ድንጋዩ ተሰነጠቀ ብሎ የተናገረው በዚያ ምክንያት ነው። ስጠየቅ ደግሞ አልነካሁም አልኩ። ሰኞ እውነቱን ብናገር ኖሮ ዛሬ ውስጥ ነበራችሁ።”

ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙ። ብዙዎቹ ምን እንዳለች አልገባቸውም፤ የገባቸው ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ብቻ ነው። ከፊት የቆመ፣ ደርበው የሚባል የሙጃ ሰው አሮጊት እናቱን በክንዱ ደግፎ ነበር።

“እናቴ ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዛ ነው የመጣችው” አላት። “ጸበሉ ያለው ውስጥ ነው። አሁን ምን ላድርግ?”

“እስከ ነገ ጠዋት ከቆያችሁ ምናልባት ይከፈታል። ቃል ግን ልገባልህ አልችልም” አለችው።

ደርበው ፊቱን አዙሮ ከእናቱ ጋር ተነጋገረ። ቆዩ። የደግሰው ቤት ስለጠበበ ዓይናዲስ መኝታዋን ለአሮጊቷ ለቀቀች። ከበዓሉ ሕዝብ ግማሹ ግን፣ አጨዳ የሚጠብቀውና ከብቱን ለሰው ትቶ የመጣው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዋሻውን ሳያይ ቁልቁል ወረደ። የሰዎቹ ረድፍ ከገደሉ ጥግ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሙጂብ የሦስቱን ሌሊት መዝገብ ከላይ እስከ ታች አየ። ብርዱ እስከ አራት ዲግሪ ከዜሮ በታች ወርዷል፤ ስንጥቁ አልተነቃነቀም። ገመዱ ተፈታ። ደርበው እናቱን አዝሎ ገባ።

ሙጂብ ከመሄዱ በፊት ሣጥኑን የሚከፍተውን የይለፍ ቃል ቀየረው፤ ከእንግዲህ ሁለታችንም ሳንስማማ አይነካም አላት። ከሥራ ያባርረኛል ብላ ስትጠብቅ ሌላ ነገር ተናገረ።

“መሞከር አልከለክልሽም። ካልተሞከረ ስህተቱን ማን ያገኘዋል? አንቺ ግን የሞከርሽው ያስቸገረሽን ነገር ብቻ ነው። ሣጥኑ የተተከለው ለሞደሙ አይደለም።”

እሑድ ቢሮ ገብታ፣ በፍሪዘሩ ውስጥ ያየቻቸውን ቁጥሮች በሁለት ዓምድ ደርድራ ከርነሉን ለሚጽፉት ሰዎች ላከች። የተጣለችው የመቀነስ ምልክት የት ላይ ሳትሆን እንዳልቀረችም ጠቆመች። በማግስቱ አንድ ስሙን ሰምታው የማታውቀው ሰው መለሰላት። አመስግኖ የተስተካከለውን ልኮ፣ እባክሽ ሞክሪልኝ ይላል። ሂንድ ማንጎዎቿን ወደ ጎን ገፋ አደረገችላት። ቁጥሩ ዜሮን አልፎ ወረደ። ከሳምንት በኋላ በወጣው የሙከራ ቅጂ መዝገብ ላይ ስህተቱን ያገኘችው ብሎ ስሟን ጽፎታል። ዓይናዲስ ደጋግማ አነበበችው፤ ከሂንድ በቀር ለማንም አላሳየችም።

ሥሪቱ በይፋ የተለቀቀው በታኅሣሥ ነው። እስከዚያ ሞደሙ ሁለት ጊዜ ደርቆ ሁለት ጊዜ ዳገቱን ወጣች። ከተለቀቀ በኋላም ሙጂብ ሦስት ሳምንት ሞክሪው አላት። አሁን መጠባበቂያው ሣጥን አጭር ዘንግም፣ መለኪያም፣ ቴርሞሜትርም ተገጥሞለታል፤ አንድ ቀን ፍሪዘር ውስጥ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል። በአሥረኛው ቀን ሁሉም ደኅና ነው ብላ ልትደውል ስልኳን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። በአሥራ አራተኛው ቀን የቢሮውን መጋዘን ከላይ እስከ ታች አጸዳች፤ በአሥራ ስድስተኛው እንደገና።

ከጥምቀት በኋላ፣ ሙጂብ በስልክ እየሰማ፣ ደግሰው መሰላሉን ይዞ፣ አዲሱን ከርነል ዋሻው ላይ ጫነች። ጭናም አልወረደችም። ከላሊበላ ከአንድ ፋርማሲ የገዛችውን የመድኃኒት ማቀዝቀዣ የመስታወት ቴርሞሜትር ከሣጥኑ ጎን አሠረችና ሦስት ቀን እዚያው ቆየች። በየማለዳው ከደግሰው ቤት ጋቢዋን ተከናንባ እየወጣች የመስታወቱን በዓይኗ፣ የሣጥኑን በስልኳ እያነበበች ደብተር ላይ ጻፈች። በሦስተኛው ማለዳ ሁለቱም ከዜሮ በታች አራት ይሉ ነበር። ጣቶቿ ደንዝዘው እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ወደቀባት። ቁጥሩን ጽፋ ደብተሯን ዘጋች፤ ይማርሽ ያስቀመጠችላትን ቂጣ ቆማ በልታ ቁልቁለቱን ጀመረች።